ዳቦ የሚያሳምመው ሆድ
ስለ ሲሊያክ በሽታ ምልክቶችና ምርመራ

በዚህ ዕትም የጤና ትምህርታችን፣ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሰምተን ስለማናውቀው አንድ የአንጀት በሽታ እንማማራለን። በሽታው ሲሊያክ ይባላል። ይህን ትምህርት እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ እዚሁ ሲን ኤል ፊል በሰው ቤት የምትሠራ የአንዲት እህታችን ታሪክ ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ ታሪኳን ግን «ሌላዋ እንደኔ እንዳትሰቃይ ጻፈው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

የእህታችን ታሪክ

እህታችን ያደገችው ጎጃም ገጠር፣ በጤፍ እንጀራ ነው። ዳቦ የሚጋገረው ለዓመት በዓል ነበር። ሊባኖስ ከገባች በኋላ ግን ጠዋት ኾብዝ በለብኔ፣ ምሳ ኾብዝ፣ ማታም ከቤተሰቡ የተረፈ ኾብዝ ሆነ ምግቧ። ጥቂት ወራት እንደቆየች ሆዷ ይነፋ፣ ይጮኽ፣ ያስቀምጣት ጀመር። ክብደቷ ቀነሰ። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ልብስ ስትተኩስ ዓይኗ ይጨልምባታል።

ማዳሟ የሆዷን መነፋት አይታ «አርግዘሻል» ብላ ጠረጠረቻት። የእርግዝና ምርመራ ተደረገላት፤ እርግዝና አልነበረም። ቀጥሎ የትል መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተሰጣት። ደም ማነስ አለብሽ ተብላም የአይረን ኪኒን ለወራት ዋጠች፤ ደሟ ግን አልተመለሰም። በቤቱ ውስጥ «ሥራ ጠልታ ነው» ተባለች። ጓደኞቿ «ዓይን ነው» አሏት። እኔም ራሴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ «የሀገር ናፍቆት ነው እህቴ፣ ጸልዪ፣ ይለፍልሻል» ብዬ መክሬ ሸኝቻታለሁ። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሳልወስዳት መቅረቴ ግን ስሕተት ነበር።

እርሷ በልቧ የፈራችው ሌላ ነገር ነበር። ኤች አይ ቪ ይሆናል ብላ ስለምታስብ ደሟን መመርመር አልፈለገችም። ውጤቱን ማዳሟ ካየችው ወደ ሀገሬ ትመልሰኛለች፣ የደላላ ዕዳዬን ሳልከፍል ምን ይዤ እገባለሁ እያለች ዝም አለች።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆማ ሳለች ዞሯት ወደቀች። በማግሥቱ አስፈቅደን ወደ አንድ ሙስተውሰፍ አብሬያት ለአስተርጓሚነት ሄድኩ። ሐኪሟ ብዙ ከጠየቀቻት በኋላ «የምትበዪው ምንድን ነው? ተሽሎሽ የሚያውቅበት ጊዜስ አለ?» አለቻት። እህታችን አሰብ አድርጋ፣ ማዳሟ ውጭ አገር ሄዳ ለአንድ ወር ዶራ ከዘመዷ ጋር በተቀመጠች ጊዜ ተሽሏት እንደነበር ነገረቻት። በዚያ ወር የምትበላው እንጀራና ሩዝ ነበር። ሐኪሟ ወዲያው የደም ምርመራ ጻፈችላት። ውጤቱ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ወደ አንጀት ሐኪም ተላከች፤ በዚያም ሲሊያክ መሆኑ ተረጋገጠ።

ለመሆኑ ሲሊያክ ምንድን ነው?

በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለ የፈረንጅ እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የስንዴ ሊጥ ስንለውሰው እንደ ላስቲክ የሚሳበው በግሉተኑ ምክንያት ነው። ለአብዛኛው ሰው ግሉተን ምንም ጉዳት የለውም። ሲሊያክ ባለበት ሰው ግን የሰውነት መከላከያ ግሉተንን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ ሲዋጋውም የራሱን አንጀት ያቆስላል።

የትንሹ አንጀታችን ውስጠኛ ገጽ እንደ ፎጣ ነው። ፎጣ ውኃ የሚመጠው በላዩ ባሉት ጥቃቅን ክሮች እንደሆነ ሁሉ፣ አንጀታችንም ምግብ የሚመጠው ጣት በሚመስሉ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ነው። በሲሊያክ እነዚህ ጣቶች ያልቃሉ፤ ፎጣው ተላጭቶ እንደ ላስቲክ ይሆናል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ቢበላም ምግቡ፣ በተለይም አይረኑ፣ ካልሲየሙና ቫይታሚኑ ሳይመጠጥ ያልፋል። እህታችን ኪኒን እየዋጠች ደሟ ያልተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲሊያክ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመሳሳም፣ በአንድ ሳህን በመብላት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት አይያዝም። ከቤተሰብ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ግን አለው። ሕመምተኛው እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም ወይም ልጅ ቢኖረው፣ ከእነርሱ ውስጥ በግምት ከ10 አንዱ በሽታው ሊገኝበት ይችላል። በጠቅላላው በዓለም ከ100 ሰው አንድ ያህሉ ሲሊያክ እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኛው ግን አያውቀውም። የፈረንጅ በሽታ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት በምዕራብ ሰሃራ ሕዝብ ልጆች ዘንድ ከ100 ከ5 በላይ የሚሆኑት ተገኝቶባቸዋል። በመካከለኛው ምሥራቅም የታወቀ በሽታ ስለሆነ የሊባኖስ ሐኪሞች ያውቁታል።

በሽታው እንዴት ታወቀ?

በሽታው አዲስ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምዕተ ዓመታት በቀጰዶቅያ፣ ማለትም የታላቁ የቅዱስ ባስልዮስ አገር በሆነችው ምድር ተወላጅ የነበረው አሬቴዎስ የተባለ ሐኪም ምግብ የማይረጋላቸውን፣ የሚመነምኑ ሕሙማን ገልጾ ጽፏል። «ሲሊያክ» የሚለው ስምም ሆድ ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ሳሙኤል ጂ የተባለ የለንደን ሐኪም የሕፃናቱን ሕመም በዝርዝር ጻፈና ፈውሱ በምግብ በኩል ሳይሆን እንደማይቀር ተናገረ። የትኛው ምግብ እንደሆነ ግን አላወቀም።

መልሱን ያገኘው ዊለም ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ክረምት፣ ሆላንድ በጽኑ ረኃብ ተመታች። ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሕዝብ ሲመነምን በእርሱ ዘንድ የሚታከሙት ሲሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦ ተመልሶ ሲመጣ ሕመሙም ተመለሰ። ዲከ ከዚያ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር፤ ጥናቱን አጠናቆ እ.ኤ.አ. በ1950 አቀረበ።

ጤፍስ?

ጤፍ ሲሊያክን የሚቀሰቅሰው ግሉተን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች ብዙ ዓይነት ጤፍ መርምረው ይህንኑ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመዋል። አያቶቻችን ያቆዩልን እህል ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ለእነዚህ ሕመምተኞች የሚፈለገው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ስደት ሲሊያክን አይፈጥርም፤ በሀገራችንም ስንዴና ገብስ ስለሚበላ በሽታው እዚያም አለ። ብዙ ጤፍ ጥቂት ስንዴ ይበላ የነበረ ሰው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ኾብዝ ሲበላ የተደበቀው ሊገለጥ ይችላል እንጂ። ሁለተኛ፣ እንጀራ ሁሉ ንጹሕ ጤፍ አይደለም። በስደት አገር የሚጋገር እንጀራ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ሊደባለቅበት ይችላል። «ጠቁሯልና ጤፍ ነው» አይባልም፤ የጋገረችውን እህት መጠየቅ ነው።

ምልክቶቹ የትኞቹ ናቸው?

የሆድ ምልክቶች፦
1. ለሳምንታት የሚቆይ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ተቅማጥ፤ አንዳንድ ጊዜ ቅባት ያለው፣ የሚከረፋ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ዓይነ ምድር
2. የሆድ መነፋት፣ ቁርጠት፣ ብዙ ጋዝ
3. ማቅለሽለሽ፤ በአንዳንድ ሰው ደግሞ ድርቀት
4. ያለ ምክንያት መክሳት

ከሆድ ውጭ ያሉ ምልክቶች፦
1. በአይረን ኪኒን የማይመለስ ወይም እየተመለሰ የሚመጣ ደም ማነስ
2. እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም
3. በአፍ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚወጣ ቁስል
4. በክርን፣ በጉልበትና በመቀመጫ ላይ የሚወጣ እጅግ የሚያሳክክ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ
5. የአጥንት መሳሳት፣ በቀላሉ መሰበር፤ የእጅና የእግር መደንዘዝ
6. የወር አበባ መዛባት፣ ልጅ ለማግኘት መቸገር፣ ተደጋጋሚ ውርጃ
7. በልጆች ላይ ከእኩዮቻቸው ማነስ፣ አለማደግ፣ የሆድ መነፋት

ሁሉም ምልክት በአንድ ሰው ላይ አይታይም። ሆዱን ጨርሶ የማያመው፣ ደም ማነስ ብቻ ያለበት ሕመምተኛም ብዙ ነው። የስኳር በሽታ (በተለይ በልጅነት የሚጀምረውና ኢንሱሊን የሚያስወጋው ዓይነት) ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰውም ሲሊያክ የማግኘት ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል።

ሌላ በሽታስ ሊሆን አይችልም?

ይችላል፤ ስለዚህ ነው ምርመራ የሚያስፈልገው። ጃርዲያ፣ አሜባ፣ የአንጀት ትል፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የአንጀት ቲቢ፣ እነዚህ ሁሉ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ለእኛ ከሲሊያክ ይልቅ የተለመዱ ስለሆኑ ሐኪሙ የዓይነ ምድር ምርመራ ቢያስቀድም አይግረማችሁ። ወርኃዊው የደም መፍሰስ ብዙ ከሆነም ደም ማነስ ያመጣል።

ወተትም አለ። ብዙ ኢትዮጵያዊ ካደገ በኋላ የወተት ስኳር አይፈጭለትም። በዐቢይ ጾም ወተት ስናቆም ሆዳችን ከተሻለው፣ በፋሲካ ሲመለስም ካመመን፣ ጥፋተኛው ወተት ሊሆን ይችላል። በጾም ወራት ኾብዝ አብዝተን ስንበላ ከባሰብን ግን ስንዴውን እንጠርጥር። ይህ መጠርጠሪያ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ በሲሊያክ የቆሰለ አንጀትም ወተት አይቀበልምና።

ምርመራው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው የደም ምርመራ ነው። ከክንድ ጥቂት ደም ይወሰዳል። ምርመራው «ቲ ቲ ጂ፣ አይ ጂ ኤ» ይባላል። ከእርሱ ጋር «ጠቅላላ አይ ጂ ኤ» የሚባለውም እንዲሠራ ጠይቁ፤ አንዳንድ ሰው አይ ጂ ኤ የሚባለው ነገር በተፈጥሮ ስለሚያንሰው ያለዚያ ውጤቱ በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል።

ደሙ ካመለከተ ወደ አንጀት ሐኪም ትላካላችሁ። ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ የአንጀቱን መጀመሪያ ያያል፤ ጥቃቅን ናሙናም ይወስዳል። እዚህ ናዱር ይሉታል። በማደንዘዣ ስለሚደረግ ናሙናው ሲወሰድ አያምም፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሄዳል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልብ በሉ። ከምርመራው በፊት ዳቦ አታቁሙ! «ስንዴ ነው ያመመኝ» ብሎ አስቀድሞ ያቆመ ሰው ደሙም አንጀቱም እያገገመ ስለሚሄድ ምርመራው በሽታውን ሊያገኘው አይችልም። ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ስንዴ ያለበት ምግብ እየበላችሁ ነው መመርመር ያለባችሁ። አስቀድማችሁ አቁማችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ እርሱ ይወስናል። በሽታውን በራስ ግምት አረጋግጦ ዕድሜ ልክ ከዳቦ መራቅ አይገባም። ሳይመረመሩ መቅረትም እንዲሁ አይገባም፤ ያልታከመ ሲሊያክ አጥንትን ያሳሳል፣ ከጊዜ በኋላም፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ የአንጀት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

የት እንሂድ? ማንስ ይከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ወጥ የሥራ ውል አሠሪው የሕክምና መድን እንዲገባልን ያዛል። ይሁንና ይህ መድን ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ሆስፒታል መተኛትንና አደጋን እንጂ የሐኪም ጉብኝትንና የላቦራቶሪን አይደለም። ስለዚህ በቅድሚያ ምን እንደሚሸፍን አሠሪያችሁን ጠይቁ።

በየሰፈሩ ያሉት ሙስተውሰፎች ከግል ክሊኒክ በጣም ያነሰ ዋጋ ይጠይቃሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ምርመራው እዚያው ይሠራ እንደሆነና ዋጋውን በስልክ ጠይቁ። ካሪታስ ሊባኖስም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ስደተኞችን የሚረዳ ክፍል አለው፤ ሰነድ የሌላችሁ እህቶች በፍርሃት ቤት ከመቀመጥ አስቀድማችሁ ምክር ጠይቁ። አስተርጓሚ የምትፈልግ እህት ከቅዳሴ በኋላ ለእኛ ትንገረን፤ አብሮ የሚሄድ ሰው እንፈልጋለን።

ሐኪሙን «ውጤቱን ለእኔ ንገረኝ» ማለት መብታችሁ ነው። የሲሊያክ የደም ምርመራ የኤች አይ ቪ ምርመራም የእርግዝና ምርመራም አይደለም። ምን እንደሚመረመር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በዐረብኛ እንዲህ በሉ፦
• «ባጥኒ ቢየውጃዕኒ ለማ ባኩል ኾብዝ» (ዳቦ ስበላ ሆዴን ያመኛል)
• «ዐንዲ ፈቅር ደም» (ደም ማነስ አለብኝ)
• «በዲ ፈሕስ ደም ለል ሲሊያክ» (ለሲሊያክ የደም ምርመራ እፈልጋለሁ)
• «ማ ፊዪ ኤኮል ቀምሕ» (ስንዴ መብላት አልችልም)

ዓይነ ምድር ጥቁር ወይም ደም ያለበት ከሆነ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ውኃ እንኳ የማይረጋ ከሆነ ወይም ራስ መሳት ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው።

በሽታው ከተገኘ ምን እንብላ?

መድኃኒቱ ምግብ ነው። ስንዴ፣ ገብስና ራይ ዕድሜ ልክ ይቀራሉ። ጥቂትም ቢሆን አይቻልም። ነገር ግን የሰው ቤት የምትኖር እህት የምትበላውን ራሷ አትመርጥምና እንዴት አድርጋ ትኑር? እህታችን ያደረገችውን ልንገራችሁ።

በሊባኖስ ቤት ያለ ስንዴ ሊበላ የሚችል ብዙ ነገር አለ፤ ሩዝ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ፉል፣ ባቄላ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ለብኔ። ውድ አይደሉም። የተደበቀውን ስንዴ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ኾብዝ፣ መናኢሽ፣ ካዕክና ማዕሙል ግልጽ ናቸው። ቡርጉል ስንዴ ነው፤ ስለዚህ ታቡሌና ኪቤ አይበሉም። ፍሪኬ፣ ኪሽክ፣ መግረቢዬ፣ የሰሚድ ጣፋጮችም ስንዴ ናቸው። ከሁሉ የሚያታልለው ሩዙ ነው፤ በብዙ ቤት ሩዝ የሚቀቀለው ከሸዕሪዬ ጋር ነውና። ሸዕሪዬው ከመግባቱ በፊት የራሳችሁን በትንሽ ድስት ለዩ። ኪቤ በተጠበሰበት ዘይት ድንች አትጥበሱ። የሾርባ ኩብና የታሸገ ማጣፈጫ ስንዴ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ስንዴና ገብስ የሚሉትን የዐረብኛ ቃላት በወረቀት አስጽፋችሁ ከማሸጊያው ጋር አስተያዩ።

ከሀገራችን ምግብ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ፣ ንጹሕ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ የሽምብራ ቆሎና ቆጮ ይበላሉ። የስንዴ ዳቦ፣ ጨጨብሳ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎ፣ ጠላና ቢራ ይቀራሉ። አጃ በራሱ ብዙውን ሰው ባይጎዳም ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚደባለቅ ሐኪም ሳይፈቅድ አይበላም።

ለቤተሰቡ ዳቦ ማቅረብ አይከለከልም፤ በሽታው በመንካት ሳይሆን በመብላት ነው። እጅን መታጠብ፣ የራስን ማንኪያና መክተፊያ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ለማዳሟ ስናስረዳት ነገሩ ቀለለ። «ሥራዋን አታቆምም፣ ወደ ልጆችሽም አይተላለፍም፣ የሚጠየቀው ሩዝና ድንች ነው» አልናት። የሐኪሙን ወረቀት አይታ አመነች።

ስለ ቅዱስ ቁርባንም የሚጨነቁ አሉ፤ ኅብስቱ የስንዴ ነውና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ መመሪያ፣ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ግሉተኑ እጅግ የተቀነሰ ኅብስት ወይም ከጽዋው ብቻ መቀበል እንዲችል ፈቅዳለች። ኦርቶዶክሳውያን እህቶችም በራሳችሁ ከመቅረት ይልቅ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ማጠቃለያ

እህታችን ስንዴ ካቆመች በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሆዷ ረጋ። ደሟ ለመመለስ ወራት ፈጀ፤ ያው የአይረን ኪኒን ይህን ጊዜ ሠራ። አንጀት ፈጽሞ እስኪድን ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል አሁንም በሐኪም ትታያለች። ወደ ሀገሯ ደውላ ታናሽ ወንድሟ ለምን እንዳላደገ ሐኪም ዘንድ እንዲወሰድ ነግራለች።

ውድ እህቶች፣ ሆዱ ያመመው ሁሉ ሲሊያክ አለበት ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ለወራት የቆየ ተቅማጥ፣ የማይመለስ ደም ማነስና መክሳት ናፍቆት ነው ተብሎ አይታለፍ። በዚህ እሑድ አጠገባችሁ የምትቀመጠውን እህት ፊት ተመልከቱ። ከስታ፣ ገርጥታ ካያችኋት «ምን ትበያለሽ? ምን ያምሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። እኔ በጊዜው ሳልጠይቅ የቀረሁት ይህን ነው።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ እግዚአብሔር ጤናውን ይስጠን።